የፍንዳታው አድራሻ፦ የጋማ ጨረር ፍንዳታና የኤክስሬይ ቃኚ ሳተላይቶች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ስዊፍት የተባለው የናሳ ሳተላይት ድንገት የደመቀ የኤክስሬይ ምንጭ አገኘና ለዓለም አስታወቀ። አቅጣጫው የራሳችን ጋላክሲ ከዋክብት ተጨናንቀው ከሚታዩበት ሰቅ አጠገብ ስለነበር፣ በመጀመሪያ የተገመተው እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ያለ አንድ ያልታወቀ አካል እንደፈካ ነበር፤ በዚያው ግምት ስምም ወጣለት። ሰዓታት ቆይቶ ነገሩ ሌላ ሆነ። ስዊፍት ከማየቱ 53 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ፌርሚ የተባለው ሌላ የናሳ ሳተላይት ከዚያው አቅጣጫ መሣሪያዎቹን ያጥለቀለቀ የጋማ ጨረር መዝግቦ ኖሯል። ምንጩ፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ ሩቅ ጋላክሲ ነው። ጂአርቢ 221009ኤ የሚል መጠሪያ የተሰጠው ይህ ፍንዳታ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሳተላይት ከተመዘገቡት ሁሉ የደመቀው ሆነ።

ስዊፍት ዋናውን ፍንዳታ አላየውም፤ በዚያች ቅጽበት ወደዚያ የሰማይ ክፍል ማየት አይችልም ነበር። ያየው ፍንዳታው ጥሎት የሄደውን ቅሪት ብርሃን ነው። እንዲያም ሆኖ ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች የተረባረቡበትን ትክክለኛ ነጥብ የሰጠው እሱ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸውን ሥራ ስመለከት ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ነው። ፍንዳታ መድረሱን የሚነግረን ጋማ ጨረር ቢሆንም፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚርቅና ምን እንደወለደው ያወቅነው በአብዛኛው ለስለስ ያለውን ጨረር፣ ኤክስሬይን፣ በሚከታተሉ መሣሪያዎች አማካይነት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ እነዚሁ መሣሪያዎች «የጋማ ጨረር ፍንዳታ» የምንለው ነገር ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ እንደገና እንዲጠየቅ አድርገዋል።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ነገር እንበል። ኤክስሬይና ጋማ ጨረር ሁለቱም ብርሃን ናቸው፤ የሚለያዩት እያንዳንዱ ፎቶን በሚሸከመው ኃይል ነው። ባለሙያዎቹ የሚለኩበት አሐድ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይባላል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የዚህን ጥቂት ሺኛ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ሆስፒታል ራጅ የሚያነሳን ጨረር በአሥሮች ይቆጠራል፤ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች ደግሞ አብዛኛውን ኃይላቸውን የሚለቁት በመቶዎች አካባቢ ነው። በሁለቱ ጨረሮች መካከል ግን የተፈጥሮ አጥር የለም። ፍንዳታዎቹ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ደቂቃዎች ይቆያሉ፤ ሰማዩ ሁሉ ቢጠበቅ በቀን አንድ ገደማ ይታያሉ። ረጃጅሞቹ በአብዛኛው ግዙፍ ኮከብ ወደ ውስጡ ሲደረመስ፣ አጫጭሮቹ በአብዛኛው ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲላተሙ የሚፈጠሩ ናቸው። በሁለቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ቀጭን የቁስ ፍላጻ ይወነጨፋል፤ ፍላጻው ወደ እኛ ያነጣጠረ እንደሆነ ፍንዳታው ይታየናል። ከባቢ አየራችን ሁለቱንም ጨረሮች ስለሚውጥ በቀጥታ ለማየት ያለው መንገድ ከአየሩ በላይ መውጣት ነው።

ቦምብ ሊፈልጉ የወጡት

ታሪኩን የጀመረው ጥርጣሬ ነው። በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታኒያ በአየር፣ በህዋና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ ላለማድረግ ተፈራረሙ። አሜሪካ ግን ፊርማውን አላመነችም፤ ሶቪየቶች ከጨረቃ ጀርባ ቦምብ ቢያፈነዱስ ብላ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ወደ ህዋ ላከች። ጁላይ 2 ቀን 1967 ሁለቱ የቬላ 4 ሳተላይቶች የቦምብ መልክ የሌለው የጋማ ጨረር ምት መዘገቡ። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ መዝገቡን የሚመረምሩት ሰዎች ነገሩን ለጊዜው አቆዩት። የተሻለ ሰዓት ያላቸው አዳዲስ ቬላዎች ሲወጡ፣ ምቱ ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀውን ልዩነት በማስላት ምንጩ መሬትም ፀሐይም አለመሆኑን ማረጋገጥ ተቻለ። ሬይ ክሌበሳደል፣ ኢያን ስትሮንግና ሮይ ኦልሰን በ1973 ከ1969 እስከ 1972 የተያዙ 16 ፍንዳታዎችን ይፋ አደረጉ።

ከእነዚያ ዓመታት አንድ የምወዳት ነገር አለች። በኤፕሪል 1972 አፖሎ 16 ከጨረቃ ወደ ምድር ሲመለስ፣ ለጨረቃ አፈር ምርመራ የተገጠሙለት የጨረር መሣሪያዎች በአጋጣሚ አንድ ፍንዳታ መዘገቡ። ከፍንዳታው ጋማ ጨረር ጋር ኤክስሬይም አብሮ እንደሚመጣ ካሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። ዋጋው ግን ያኔ አልታወቀም።

ቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት የመቁጠር ዓመታት ነበሩ። ወደ ቬነስና ወደ ሌሎች ፕላኔቶች በሚጓዙ መንኮራኩሮች ላይ ትናንሽ መመርመሪያዎች እየተገጠሙ፣ የመድረሻ ሰዓት ልዩነታቸው እየተሰላ አቅጣጫ ይወጣ ነበር። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ መዘግየቱ ነበር። መረጃው ከየመንኮራኩሩ ተሰብስቦ አድራሻው እስኪታወቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቴሌስኮፕ ወደ ቦታው ሲዞር የሚታይ ነገር የለም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ባለሙያ ምንጮቹ እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ያሉ ኒውትሮን ኮከቦች ናቸው ብሎ ያምን ነበር። እምነቱን ካጠናከሩት አንዱ ጃፓን በ1987 ያመጠቀችው ጊንጋ ሳተላይት ነው። ጊንጋ በአንዳንድ ፍንዳታዎች የኃይል ሥርጭት ላይ 20 እና 40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጎደሎ መስመሮች አገኘሁ አለ፤ ይህ ደግሞ የኒውትሮን ኮከብ ብርቱ መግነጢስ የሚያትመው ምልክት ነው ተብሎ ተተረጎመ። ከዚያ ባትሴ መጣ። በኤፕሪል 1991 በወጣው የኮምፕተን ታዛቢ ሳተላይት ስምንት ማዕዘኖች ላይ የተተከለው ይህ መሣሪያ በዘጠኝ ዓመት 2704 ፍንዳታዎች ያዘ፤ የጊንጋን መስመሮች ግን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ከዚህም የከፋ ለነባሩ እምነት አመጣ፤ ፍንዳታዎቹ በሰማዩ ሁሉ እኩል ተበትነዋል። ምንጮቹ በጋላክሲያችን ሳህን ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ሰቅ ላይ መከማቸት ነበረባቸው።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በኤፕሪል 1995 ዋሽንግተን ውስጥ ዶናልድ ላምብና ቦህዳን ፓቺንስኪ በማርቲን ሪስ አወያይነት ተከራከሩ። ላምብ ምንጮቹ ጋላክሲያችንን በሩቁ በከበበ ክልል ውስጥ ናቸው አለ፤ ፓቺንስኪ ቢሊዮኖች የብርሃን ዓመታት ርቀው ነው አለ። የሁለቱ ግምት በርቀት ሺህ ጊዜዎች ይለያያል፤ በኃይል ሲሰላ ልዩነቱ ሚሊዮኖች እጥፍ ይሆናል። ከሺህ በላይ ፍንዳታ ተቆጥሮ ይህን ያህል መሠረታዊ ጥያቄ አለመመለሱ ቁጥር ብቻውን የት እንደሚያደርስ ያሳያል። ባትሴ አቅጣጫ የሚሰጠው በዲግሪዎች ስህተት ነበር። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነውና፣ ባትሴ የሚያመለክተው ቦታ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጋላክሲዎች ይኖራሉ።

ጥላውን መከተል

ጋማ ጨረር አድራሻ የማይናገርበት ምክንያት ብርታቱ ነው። መስታወት አይመልሰውም፣ ሌንስ አይሰበስበውም። ባትሴም ሆነ ዛሬ ያለው ፌርሚ ላይ የተተከለው የፍንዳታ መቆጣጠሪያ የሚያደርጉት ፎቶን መቁጠርና የትኛው ፊት በዝቶ እንደተመታ ማነጻጸር ነው። ኃይሉ ዝቅ ባለ መጠን ግን ሁለት በሮች ይከፈታሉ። ኤክስሬይን ስስ የብረት ሰሌዳ ያግደዋል፤ ስለዚህ ጥላ ይጥላል። የበለጠ የለሰለሰው ደግሞ በጣም ለጥ ባለ ማዕዘን ሲመጣ ከለሰለሰ ብረት ላይ ይነጥራል፤ ስለዚህ በመስታወት መሰብሰብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ዘዴ የጥላ ጭንብል ይባል። ከመመርመሪያው በላይ ጥለቱ አስቀድሞ የታወቀ ቀዳዳ ቀዳዳ ሰሌዳ ይደረጋል። ፀሐይ ፊት የተያዘ ወንፊት ግድግዳ ላይ የሚጥለው ጥላ ፀሐይዋ ስትዘዋወር አብሮ እንደሚሸሽ ሁሉ፣ ጭንብሉ መመርመሪያው ላይ የሚጥለውም ጥላ እንደ ምንጩ አቅጣጫ ይሸሻል። ኮምፒውተር ከጥላው ተነስቶ አቅጣጫውን ያሰላል። ጥቅሙ ሰፊ ሰማይ በአንድ ጊዜ ማየቱ ነው፤ ጉዳቱ ከዚያ ሰፊ ሰማይ የሚመጣው ጨረር ሁሉ አንድ ላይ መመርመሪያው ላይ ማረፉ ነው፤ ደካማ ምንጭ በሁካታው ይዋጣል። መስታወቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደካማውን ያጎላል፣ የሚያየው ግን ጠባብ ቁራጭ ሰማይ ነው። የዘርፉ መሐንዲሶች አምሳ ዓመት የተሟገቱት በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው ማለት ይቻላል።

የማሊንዲው አንቴና

ጣሊያንና ኔዘርላንድስ በጋራ የሠሩት ቤፖሳክስ ኤፕሪል 30 ቀን 1996 ሲመጥቅ ዋና ሥራው ፍንዳታ ማደን አልነበረም፤ የታወቁ የኤክስሬይ ምንጮችን በሰፊ የኃይል ክልል እንዲያጠና የተነደፈ ነው። ነገር ግን አንድ ሳተላይት ላይ ሦስት ዓይነት ዓይን ተሰባስቦለት ነበር። የአንዱ መሣሪያ መከላከያ ግድግዳ እንደ ጋማ ጨረር መመርመሪያ እንዲያገለግል ተደረገ፤ ኔዘርላንዶች የሠሯቸው ሁለት ባለ ጥላ ጭንብል ሰፊ ካሜራዎች ከ2 እስከ 28 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያያሉ፤ ባለ መስታወት ጠባብ ቴሌስኮፖችም አሉት። አንዱ ፍንዳታ መኖሩን ይናገራል፣ ሁለተኛው ቦታውን ያሳያል፣ ሦስተኛው ቀርቦ ያጠናል።

ምህዋሩ ከምድር ወገብ ብዙም የማይርቅ ነበር። ከደቡብ አትላንቲክ በላይ ያለው የተጠራቀመ ጨረር ክልል መሣሪያዎችን ስለሚያውክ፣ ከዚያ መራቅ ፀጥ ያለ መረጃ ያስገኛል። በዚህ ምህዋር ላይ ያለን ሳተላይት የሚያነጋግር አንቴናም ከምድር ወገብ አጠገብ መሆን አለበት፤ የተመረጠው ጎረቤታችን ኬንያ፣ የማሊንዲ የባሕር ዳርቻ ነው። ቤፖሳክስ መሬትን በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ማሊንዲ ላይ ሲያልፍ የሰበሰበውን ያራግፋል፤ መረጃው ወደ ሮም ይሄዳል። ያ ዳርቻ ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ሳተላይት ኡሁሩ ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት፣ የተወነጨፈችው እዚያው ባሕር ላይ ከተተከለው የጣሊያኖች የሳን ማርኮ መድረክ ነው፤ በስዋሂሊ «ነጻነት» የተባለችውም ለዚሁ ነው። ስዊፍትም ዛሬ መረጃውን የሚያወርደው በማሊንዲ በኩል ነው። ምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ እኛው ዘንድ እንኳ ሲወራ አይሰማም።

በጁላይ 1996 የደረሰ አንድ ፍንዳታ ሰፊው ካሜራ ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ መዝገብ ሲገላበጥ ነበር። ቡድኑ ከዚያ ተምሮ፣ መረጃው እንደ ወረደ የሚያይና ሳተላይቱን ወዲያው ማዞር የሚችል ተረኛ መደበ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997፣ በግሪንዊች ሰዓት ከሌሊቱ 2፡58 ላይ ጋማ ጨረር መመርመሪያውና ሰፊው ካሜራ አንድ ላይ ጮኹ። ካሜራው ቦታውን በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ውስጥ በሃያኛ ዲግሪ ስህተት ለየው። ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጠባቦቹ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞሩ፤ ከዚህ በፊት ያልነበረ የኤክስሬይ ምንጭ አገኙ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለሱ ሃያ እጥፍ ያህል ደክሟል። የኤንሪኮ ኮስታ ቡድን ያገኘው ይህ እየከሰመ የሚሄድ ቅሪት ብርሃን ከፍንዳታ ጋር ሲያያዝ የመጀመሪያው ነበር። አድራሻው የደረሳቸው የያን ቫን ፓራዳይስ ባልደረቦችም በላ ፓልማ ደሴት ባለው ዊልያም ኸርሸል ቴሌስኮፕ በዚያኑ ዕለት ሥዕል አነሱ፤ በማርች ካነሱት ጋር ሲያስተያዩት አንዲት የብርሃን ነጥብ ጠፍታለች።

በሜይ 8 ሌላ ፍንዳታ መጣ። በሃዋይ ኬክ ቴሌስኮፕ ቅሪት ብርሃኑ ሲተነተን በመንገዱ ያለፈበት ጋዝ አሻራ ታየ፤ ርቀቱ በቢሊዮኖች የብርሃን ዓመታት ይቆጠራል። ፓቺንስኪ ረታ። ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረውን ጥያቄ የፈቱት ሁለት ፍንዳታዎች ናቸው፤ ከሁለት ሺህ ገደማ የባትሴ ፍንዳታዎች የለያቸው አድራሻቸው በሰዓታት ውስጥ መታወቁ ብቻ ነው። በእኔ ግምት የድሉ ግማሽ የመሣሪያው ሲሆን ግማሹ ሌሊት ነቅተው ከተጠባበቁት ተረኞች ነው፤ ሰፊ የኤክስሬይ ካሜራ የነበራቸው ሌሎች ሳተላይቶችም ነበሩና።

ስዊፍትና ፍጥነት

ሄቴ 2 የተባለችውን ትንሽ ሳተላይት በአጭሩ ማለፍ ቢቻልም ሁለት ነገሯ መነሳት አለበት። በ1996 የወጣችው ታላቅ እህቷ ከሮኬቱ ሳትላቀቅ ቀርታ ጠፍታለች፤ በ2000 የወጣችው ግን አድራሻን ራሷ ህዋ ላይ አስልታ ወዲያው ወደ ምድር ትልክ ነበር። በማርች 29 ቀን 2003 የያዘችው ፍንዳታ ውስጥ ሱፐርኖቫ ታየ፤ ረጃጅም ፍንዳታዎች ከግዙፍ ኮከብ ሞት እንደሚመጡ የተረጋገጠው ያኔ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ከያዘቻቸው ውስጥ ሲሶ ያህሉ አብዛኛው ኃይላቸው በኤክስሬይ የሚለቀቅ መሆናቸው ነው። ቤፖሳክስም መሰሎቻቸውን አይቶ ነበር። «የኤክስሬይ ብልጭታ» የሚል ለየት ያለ ስም ተሰጣቸው፤ ግን ከተራዎቹ ፍንዳታዎች የሚለያቸው ግልጽ መስመር አልተገኘም።

ኖቬምበር 20 ቀን 2004 የመጠቀው ስዊፍት የቤፖሳክስን ሦስት ዓይኖች ያለ ሰው እጅ አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ነው። ሰፊው መሣሪያ ባት ከ50 ሺህ በላይ ትናንሽ የእርሳስ ቁራጮች የተደረደሩበት ጭንብልና 32,768 መመርመሪያዎች አሉት፤ ከሰማዩ አንድ አሥረኛ በላይ በአንድ ጊዜ ያያል። ሰማዩ ላይ ብዙ ነገር ያሳስታል፤ የፀሐይ ነበልባል፣ የተጠራቀመ ጨረር፣ ከመሬት ነጎድጓድ የሚወጣ ጋማ ጨረር። ስለዚህ ባት ቁጥር ስለጨመረ ብቻ አይጮኽም፤ ከጥላው ሥዕል ሠርቶ፣ በሥዕሉ ላይ አዲስ ነጥብ መኖሩን አረጋግጦ፣ የታወቁ ምንጮችን ለይቶ ነው። ከዚያ ሳተላይቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ይዞራል፤ በአንድ ደቂቃ ወይም በጥቂት ከዚያ በሚበልጥ ጊዜ ባለ መስታወቱ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕና የአልትራቫዮሌት ቴሌስኮፑ ወደ ምንጩ ያነጣጥራሉ። ቦታው በሰከንዶች ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መረብ ይበተናል። ይህን መረብ በ1993 የጀመረው የናሳው ስኮት ባርተልሚ ነው፤ ያለ እሱ የሳተላይቶቹ ፍጥነት ግማሽ ዋጋው ይጠፋ ነበር።

ፍጥነቱ ምን አመጣ? በሜይ 9 ቀን 2005 ከሰከንድ አሥረኛ በታች የቆየ አጭር ፍንዳታ ደረሰ። የኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ዞሮ የያዘው 11 ፎቶን ብቻ ነበር። እነዚያ 11 ፎቶኖች ግን ከአንድ ያረጀ፣ አዳዲስ ኮከቦች ከማይወልድ ግዙፍ ጋላክሲ አጠገብ አረፉ፤ አጫጭሮቹ ፍንዳታዎች ከወጣት ግዙፍ ኮከቦች ሞት ሌላ ምንጭ እንዳላቸው የጠቆመ የመጀመሪያው አድራሻ ሆነ። በኤፕሪል 23 ቀን 2009 ደግሞ ዓለም ገና 630 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለች የፈነዳ ኮከብ ተገኘ። ከቅሪት ብርሃኑም ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ኤክስሬዩ እንደታሰበው በዝግታ አይከስምም፤ መጀመሪያ ያሽቆለቁላል፣ ከዚያ ለጥ ብሎ ይቆያል፣ መሐል ላይ ድንገት ይነሳል። ፍላጻውን የሚገፋው ሞተር ከፍንዳታው በኋላም ሙሉ በሙሉ እንዳልጠፋ የሚያስቡ አሉ፤ ለጥ ያለው ክፍል ግን እስካሁን እያከራከረ ነው።

ለመርሐ ግብሩ መሪ መታሰቢያ እንዲሆን በ2018 የኒል ጌህረልስ ስዊፍት ታዛቢ የተባለው ይህ ሳተላይት ለሁለት ዓመት ተብሎ ወጥቶ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፏል። አሁን የፀሐይ እንቅስቃሴ በማየሉ ላይኛው አየር አብጦ ከፍታውን እየቀነሰበት ነው። በሴፕቴምበር 2025 ናሳ ሌላ መንኮራኩር ልኮ ወደ ላይ የሚገፋው አንድ የግል ኩባንያ ቀጥሯል። የአውሮፓው ኢንቴግራል በፌብሩዋሪ 2025 ሥራውን አቁሟል። ከ2009 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ላይ ሆኖ በየ92 ደቂቃው ሰማዩን የሚጠርገው የጃፓኑ ማክሲ ደግሞ ዕድሜው ከጣቢያው ጋር የታሰረ ነው። ማክሲ በአንድ ቅጽበት የሚያየው ቀጭን ሰቅ ስለሆነ ብዙ ፍንዳታ ያመልጠዋል፤ የሚያገኘው ግን ሌሎች የማያዩትን የለሰለሰውን ነው።

ደንቡን የሚያፈርስ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፣ ሊደበቅም አይገባም። ኦገስት 17 ቀን 2017 የስበት ሞገድ መመርመሪያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት ሰሙ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ አጭር ጋማ ጨረር መዘገበ። ቦታውን የሰጠው ኤክስሬይ አልነበረም። የስበት ሞገዱ ባጠበበው ክልል ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች አንድ በአንድ ሲታዩ፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ በምትገኝ ጋላክሲ ውስጥ ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ ተገኘ። ኤክስሬዩ የታየው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ ፍላጻው ወደ እኛ በቀጥታ ስላላነጣጠረ ቅሪት ብርሃኑ ወደ ዓይናችን እስኪሰፋ ጊዜ ወስዷል። ከጎን ለሚታዩ ፍንዳታዎች ፈጣን የኤክስሬይ ቃኚ ብቻውን በቂ አይደለም።

የሎብስተር ዓይን

በጃንዋሪ 9 ቀን 2008 የስዊፍት ጠባብ ቴሌስኮፕ በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ሌላ ጉዳይ እያየ ሳለ፣ እዚያው ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ሱፐርኖቫ ሆኖ ሲፈነዳ የመጀመሪያዎቹን የኤክስሬይ ደቂቃዎች በአጋጣሚ ያዘ። ጋማ ጨረር አልነበረውም። ጠባብ መስኮት በአጋጣሚ ይህን ካየ፣ ለለሰለሰ ኤክስሬይ ሰፊ መስኮት ቢከፈት ስንት ይታይ ነበር?

መልሱ የመጣው ከባሕር እንስሳ ነው። ሎብስተር ብርሃንን የሚሰበስበው በሌንስ ሳይሆን ዓይኑ ውስጥ በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ቦዮች ግድግዳ በማንጠር ነው። ሮጀር ኤንጀል በ1979 ይኸው ንድፍ ለኤክስሬይ ይሠራል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰፊነትንና መሰብሰብን አንድ ላይ ስለሚሰጥ የጭንብልና የመስታወቱን ሙግት ያስታርቃል፤ ቦዮቹን በሚፈለገው ጥራት ለመሥራት ግን አሥርት ዓመታት ፈጀ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ከቻይናው ሺቻንግ የመጠቀው አይንሽታይን ፕሮብ አሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉት። በአንድ ጊዜ 3600 ካሬ ዲግሪ፣ ማለትም ከሰማዩ አሥራ አንደኛ ገደማ፣ ከ0.5 እስከ 4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያያል። ባት ከሚጀምርበት ከ15 ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው።

ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ ማርች 15 ቀን 2024፣ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ከተጓዘ ብርሃን አንድ ምልክት ያዘ። የለሰለሰው ኤክስሬይ ከጋማ ጨረሩ ስድስት ደቂቃ ቀድሞ ጀመረ፤ በጠቅላላው ከ17 ደቂቃ ያላነሰ ቆየ። ፍንዳታው «የጀመረው» መቼ ነው? ጋማ ጨረርን መነሻ ያደረገው የሰዓት አቆጣጠራችን ይህን ሊመልስ አይችልም። በጁላይ 2 ቀን 2025 የባሰው መጣ። ፌርሚ ከአንድ አቅጣጫ በሰዓታት ውስጥ ደጋግሞ ጋማ ጨረር መዘገበ፤ የአይንሽታይን ፕሮብ መዝገብ ሲታይ ኤክስሬዩ ከአንድ ቀን በፊት መታየት ጀምሯል። ኮከብ አንድ ጊዜ ነው የሚደረመሰው፣ ለአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ አንዳንዶች ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ ውስጥ ገብቶ ሲበላው ነው ይላሉ፤ ሌሎች መካከለኛ ግዝፈት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ ሲገነጣጥል ነው ይላሉ።

በጁን 22 ቀን 2024 የቻይናና የፈረንሳይ የጋራ ሳተላይት ስቮም ተከትሏል። ጭንብል ያለው መሣሪያው ከ4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጀምሮ ያያል፤ አብሮት ጋማ ጨረር መመርመሪያ፣ ትንሽ የሎብስተር ዓይን ቴሌስኮፕና የሚታይ ብርሃን ቴሌስኮፕ ተጭነዋል። ከባት ዝቅ ብሎ መጀመሩ ለሩቅ ፍንዳታዎች ትርጉም አለው፤ የዓለም መስፋፋት የሩቁን ጨረር ስለሚያለሰልሰው በጣም ሩቅ የሆነው ጋማ ጨረር እኛ ዘንድ ኤክስሬይ ሆኖ ይደርሳል። በማርች 14 ቀን 2025 ስቮም የያዘው ፍንዳታ ዓለም 730 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለች የተነሳ ነበር፤ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ከወራት በኋላ በዚያው ቦታ የሱፐርኖቫ ብርሃን አይቷል።

አውሮፓውያን ቴሴውስ የተባለ፣ የሎብስተር ዓይን፣ ጋማ ጨረር መመርመሪያና የታሕተ ቀይ ቴሌስኮፕ የሚይዝ ሳተላይት አቅርበዋል፤ በ2023 ለተጨማሪ ጥናት ከተመረጡት ሦስት ዕቅዶች አንዱ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሀንጋሪዎች፣ ስሎቫኮችና ቼኮች በ2021 የላኩት ጂአርቢአልፋ ሊጠቀስ ይችላል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን። በኦክቶበር 2022ቱ ታላቅ ፍንዳታ ትልልቆቹ መመርመሪያዎች በጨረሩ ብዛት ሲታወሩ፣ ይህ ትንሽ ሳጥን ከፍተኛውን ብርሃን ሳይታወር ለካ።

እኔን የሚያሳስበኝ ትልልቁን ከትንንሹ ማስበለጡ አይደለም። አይንሽታይን ፕሮብ የጋማ ጨረር መመርመሪያ የለውም። ከሚያገኛቸው ፈጣን የኤክስሬይ ምልክቶች ብዙዎቹ ከየትኛውም የጋማ ጨረር መዝገብ ጋር አይገጥሙም፤ ገሚሶቹ በእርግጥ ጋማ ጨረር የሌላቸው አዲስ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ፌርሚ በመሬት የተጋረደበት ወይም የጨረር ክልል እያቋረጠ መሣሪያውን ያጠፋበት ተራ ፍንዳታዎች። ሁለቱን ለመለየት ለእያንዳንዱ ምልክት ማን ወዴት ይመለከት እንደነበር በሰከንድ መመርመር ያስፈልጋል፤ የጋማ ጨረር ጠባቂዎች እያረጁ በሄዱ ቁጥር ደግሞ «አልታየም» የሚለው መልስ «አልነበረም» ከሚለው የሚለይበት መንገድ ይጠባል። በገንዘብ እጥረት ከቀጣዩ የኤክስሬይ ቃኚ ላይ አንድ ነገር መቀነስ ግድ ቢሆን፣ የሰማይ ስፋት ይቀነስ እንጂ አብሮት የሚጓዘው ጋማ ጨረር መመርመሪያ ባይነካ እመርጣለሁ።